ሁለት ጓጉንቸር በአንድ ሰንሰለት

የባርናባስ የራስ ቅል ከኋላ ተፈርክሷል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ደሙ የኔትወርክ ማማውን የብረት እግር ለቅልቆታል።

ኢንስፔክተር ለተኪዳን ሰሜን ክፍለ ከተማ ስትደርስ የሰፈሩ ጎረምሶች ፍርዱን ጨርሰው ነበር። የማማው ጥበቃ ሽማግሌው ረዘነ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ፣ በካቴና ታስሮ መሬት ተቀምጧል። ፖሊስ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ሁለት ሬሳ ይነሣ ነበር።

«ኣያ ረዘነ፣ የት ነበሩ?»

«ቁሓ፣ ቀብር ላይ ነበርኩ፣ ጓለይ። የግቢውን መክፈቻ እንኳን ሰጥተውኝ አያውቁም!»

«ውሸቱን ነው!» ጮኹ ጎረምሶቹ።

ማማው ለግል ባለሀብት የተሸጠው የእምባ ቴሌኮም ንብረት ነው። ተወዳዳሪው ጮራ ቴሌኮም መሣሪያውን እዚያው እንዲሰቅል ሕግ ካስገደደ ወዲህ ግን በሩ ሁለት ጌታ አለው። የሰንሰለቱን ጫፎች የሚያገናኙት እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት ጓጉንቸሮች ናቸው፤ አንዱ ከተከፈተ በሩ ይከፈታል። የእምባው መክፈቻ በቴክኒሻኑ በገዛኢ እጅ ብቻ ነው። የጮራን የያዙት የጮራ ቴክኒሻኖች፣ ሟቹ ባርናባስና ባልደረባው ፊዮሪ ናቸው።

«ትናንት ከባርናባስ ጋር ተጣላችሁ አሉ» አለቻት ለተኪዳን።

«አዎ» ፊዮሪ አለቀሰች። «ገመዳችንን ማን እንደሚቆርጥ ደርሼበታለሁ፣ ሄጄ እጠይቀዋለሁ አለኝ። ብቻህን አትሂድ ብዬ ጮኽኩበት።»

ፖሊሶቹ አጥር ዘልለው ስለገቡ በሩ እንደተቆለፈ ነበር። ለተኪዳን ሰንሰለቱን አገላብጣ አየች። ከዚያ የሟቹን ኪስ ፈተሸችና ሁሉንም በሩ ጋ ሰበሰበቻቸው።

«ይሄ የጮራ ጓጉንቸር ነው፤ ከኪሱ ወጣ» አለች። «ባርናባስ በራሱ መክፈቻ ከፍቶ ገባ። ከውጭ እንዳይቆልፉበት ነው ኪሱ የከተተው። ያኔ የእምባው ጓጉንቸር እንደተቆለፈ በአንዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ቀረ። አሁን ግን እዩት፣ ሁለቱንም ጫፍ ብቻውን ይዟል። ሳይከፈት ሌላውን ጫፍ ሊይዝ አይችልም። ኣያ ረዘነ መክፈቻ የላቸውም። የፊዮሪ መክፈቻ የእምባውን አይከፍትም።»

ዓይን ሁሉ ወደ ገዛኢ ዞረ።

«ገዛኢ፣ ማማው የእናንተ ብቻ ሳለ ስንት ዓመት በአንድ ጓጉንቸር ዘጋህ?»

«ዘጠኝ» አለ ሳያስበው።

«ልማድ ከማዕድ ያሰርቃል። ገድለህ ስትወጣም እጅህ የለመደውን ሠራ።»

ገዛኢ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ማማውን ያቆምኩት እኔ ነኝ! ባለፈው ገመዳቸውን ስቆርጥ በስልኩ ቀርጾኛል፤ ከሥራዬ ሊያስባርረኝ! ብረት አነሣሁ... እጄ እስኪዝል መታሁት!»

ካቴናው ከረዘነ እጅ ወደ ገዛኢ እጅ ተዛወረ። ጎረምሶቹ ወዲያው ድንጋይ አነሡ፤ የመጀመሪያው የገዛኢን ግንባር ተረተረው። ረዘነ ያበጠ ዓይኑን በመዳፉ ይዞ፣ እየተንገዳገደ መጥቶ ገዛኢን ከልሎ ቆመ።

«ይብቃ!» አለ። «ቅድም በእኔም እርግጠኛ ነበራችሁ።»