ሁለተኛው ምስክር

ያጣላን በር ነው።

ሥራዬ፣ ድሮ የፈረሰውን የከተማዋን አሮጌ ሰፈር በኮምፒውተር መልሶ መሥራት ነው፤ ሰው ስክሪኑ ላይ በየመንገዱ እየዞረ፣ በሩን እየከፈተ እንዲያየው። ደንባችን ጥብቅ ነው። ፎቶ ወይም ሁለት ምስክር የሌለው ነገር ቀለም አይቀባም፤ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

እሱ አናጢ ነው። ቢሮአችን መደርደሪያ ሊገጥም መጥቶ፣ መዶሻውን እንደያዘ ከኋላዬ ቆሞ ቀረ።

«ይቺ እኮ የእኛ ቤት ናት» አለ። «በሯ ግን ሰማያዊ ነበር።»

«ፎቶ አለህ?»

«የለኝም።»

«ሌላ ምስክር?»

«አንቺ ዳኛ ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ዳኛዋ» ሆነ።

የሁለት ቀኑ መደርደሪያ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የትኛው ደረጃ እንደሚነቃነቅ፣ የማን መስኮት እንደማይዘጋ ይነግረኛል፤ ዝም ስል ዓይኑ ፊቴ ላይ ይቆያል። ወደድኩት። በሩን ግን አልቀባሁም።

«የእናቴ ዓይን እየደከመ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ጨርሶ ሳይጠፋ ቤቷን እንድታይ እፈልጋለሁ።»

«እሳቸው ይመስክሩዋ!»

«ጠየቅኳት። አንዴ ሰማያዊ ትላለች፣ አንዴ አረንጓዴ።»

«እንግዲያው አይሆንም።»

«በሬ ወለደ አላልኩሽ! ከአባቴ ጋር የቀባሁት እኔው ነኝ። የኔ ቃል አይበቃሽም?»

ይበቃኝ ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ። «ሞኝህን ፈልግ» አልኩት፤ ለቀልድ። አልሳቀም።

በሳምንቱ እናቱን ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው ግራጫውን በር አዩት።

«የማን ቤት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

እሱ እኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ።

«የሰው ቤት ነው፣ እማዬ። ተሳስተናል፤ እንሂድ።»

ከዚያ በኋላ አልመጣም። የእናቱ ዓይን ጨርሶ መጥፋቱን ሰምቼ ደወልኩለት።

«ስለደወሉልን እናመሰግናለን» አለኝ። አንቱ አለኝ።

በማግስቱ በሩን ሰማያዊ ቀባሁት። አለቃዬ መዝገቡን አየ።

«አንደኛው ምስክር አናጢው። ሁለተኛው ማነው?»

«እኔ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ አየሽው?»

በሩን ከፈትኩት። ውስጡ ግራጫ ነበር፤ ስለ ውስጡ ገና አልነገረኝም ነበር።