ዝም ያለው ሬዲዮ

የመሐንዲስ ኃይለ ጊዮርጊስ አስከሬን ከዓባይ ዳር፣ በሁለት ዓለቶች መካከል ተቀርቅሮ ተገኘ። የጎማ ጀልባው ሆዱ ተቀድዶ ከአንድ ግንድ ጋር ተንጠልጥሏል።

በማግሥቱ መቶ አለቃ አካለ ወልድ ከብቸና ተጠራ። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ባለሙያ ስለነበር ነው። ከሞጣ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ወደተተከሉት የውሃ ጥናት ድንኳኖች ሲደርስ አንድ ወጣት እጁ ወደ ኋላ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘ። ሐምዱ ይባላል። እናቱ ዑሙሰልማ ሱቃቸውን ዘግተው ከሞጣ መጥተው ፊት ለፊቱ ቆመዋል። ሐምዱ ይዞት የነበረው የእጅ ሬዲዮ ከትናንት ጀምሮ የዘጋው ሰው ባለመኖሩ ጠረጴዛ ላይ ሽሽ ይላል። አካለ ወልድ ራሱ ዘጋው።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ የአውራጃው ካድሬ ወልደ ሰንበት። «ይህን ልጅ ደብረ ማርቆስ የምታደርሰው መኪና ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። በአሻጥር ሰው ያስገደለ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። እስክትመጣ ልጠይቅ።»

«ጠይቅ። እኔ ግን ባዶ እጄን አልመለስም።»

የቡድኑ ሥራ የወንዙን ፍጥነት መለካት ነበር። መሐንዲሱ በጀልባ ወደ መካከል ይገባል፤ ሐምዱ ዳር ላይ ሆኖ የጀልባውን ገመድ ይይዛል። ራቅ ብሎ ወደ ላይ ባንቺዓለም የምትባል ወጣት ሠራተኛ ከዓለት ላይ ሆና ደራሽ ጎርፍ ትጠብቃለች። ካየች በእጅ ሬዲዮዋ ትጣራለች፣ ሐምዱም ገመዱን ይስባል። በዚያ ቀን ግን አልሳበም፤ የታሰረውም በዚህ ነው። ሦስተኛው ሬዲዮ አፋፉ ላይ በሚውለው በመገናኛ ኃላፊው በሣህለ ማርያም እጅ ነው። ሦስቱም የሚነጋገሩት በአንድ መስመር ነው።

ባንቺዓለም ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር።

«ጎርፉን እንዳየሁ ‹ሐምዱ ሳብ! ሐምዱ ሳብ!› እያልሁ ጮህሁ። ይሄው ይሰሙታል፣ ድምፄ እንኳ ተዘጋ። ነጠላዬን ባውለበልብም ዓይኑ ገመዱ ላይ ነበር። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ዓይኔ እያየ ሄዱ።»

«ቁልፉን ለቅቀሽ ስታዳምጪ ምን ሰማሽ?»

«ምንም። ያ የተለመደው ሽሽታ እንኳ አልነበረም። የሞተ ነገር የያዝሁ መሰለኝ።»

አካለ ወልድ ወደ ሐምዱ ሄደ።

«ወላሂ አልጠራችኝም!» አለ ወጣቱ። «ሬዲዮው ደረቴ ላይ ነበር። እንቅልፍ ወስዷት እንደሆነ ምን አውቃለሁ? ለምን እሷን አታስሩም?»

«ልጄ ውሸት አይችልም!» አሉ ዑሙሰልማ። «ቢችል ኖሮ ንግዱን ትቶ ወንዝ ዳር ገመድ ሲይዝ ይውል ነበር?»

ከሐምዱ ጠባቂዎች አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሬዲዮህ ያን ጊዜ ሽሽ ይል ነበር?» ሲል አካለ ወልድ ጠየቀ።

«ሁልጊዜ እንደ ትኩስ ዘይት ይንጣጣል፣ ጆሮ ያደክማል። ትናንት ግን ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ጀልባው ላይ ሲወጡ ጸጥ አለ። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ስለገባለት ጠራ ብዬ ደስ አለኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ጎርፉ ጀልባውን እስከመታ። ከዚያ እንደገና ይንጣጣ ጀመር።»

ሣህለ ማርያም መቶ አለቃውን በድንኳኑ በር ላይ ተቀበለው። ጸጉሩ በጥንቃቄ ተበጥሯል።

«ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል» አለ። «እኔን ከጠየቅኸኝ ሐምዱ ነው።»

«ምናልባት የሐምዱ ድንጋይ አልቆበት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«በፍጹም! በዋዜማው ለሦስቱም አዲስ ያስገባሁት ራሴ ነኝ፣ ከአንድ ካርቶን። ካርቶኑም በዚያው አለቀ።»

«የአንተ ሬዲዮ የት ነበር?»

«ሳጥን ውስጥ፣ ተዘግቶ። ድንጋይ ካስገባሁለት ወዲህ አልተከፈተም።»

«ሌላ ሰው ወስዶት ይሆን?»

«የሳጥኑ ቁልፍ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።»

ከሰዓት በኋላ የመኪናዋ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ አካለ ወልድ ሁሉንም ትልቁ ድንኳን ውስጥ ሰበሰባቸው። ሦስቱ ሬዲዮዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ይካሰሳሉ» ሲል ጀመረ። «ነገር ግን ተራርቀው ሳለ፣ ሳይመካከሩ፣ አንድ ነገር ነግረውኛል። ሽሽታው ጠፋ ብለዋል። እንዲህ ያለ ሬዲዮ ሽሽ የሚለው መስመሩ ባዶ ሲሆን ነው። ዝም የሚለው አንድ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ ነው።»

«ሳይናገር?» አለ ካድሬው።

«ሳይናገር። ባንቺዓለም፣ ሬዲዮሽን ይዘሽ እስከ ገደሉ ጫፍ ሂጂና ቁጠሪ።»

ሄደች። በሐምዱ ሬዲዮ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው የጎረነነ ድምፅ ገባ። አካለ ወልድ የሣህለ ማርያምን ሬዲዮ አንሥቶ ቁልፉን ተጫነ። ትንሿ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ቆጠራው ቀጠለ።

«ይህ ሬዲዮ ሞቷል። አዲስ ድንጋይ ገብቶለት ከሳጥን አልወጣም የተባለው ነው።»

«ሳልዘጋው ረስቼው ይሆናል» አለ ሣህለ ማርያም።

«የሐምዱም ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ አድሯል፤ ይሄው ይሠራል። ማዳመጥ ድንጋዩን ብዙም አይጎዳም። የሚጨርሰው ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ነው፤ ያውም ለረጅም ጊዜ።»

ከራሱ የእጅ ባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ በሞተው ሬዲዮ ውስጥ ከተተና ቁልፉን እንደገና ተጫነ። የባንቺዓለም ድምፅ በቆጠራው መካከል ተቆረጠ። ሽሽታም የለም። ጣቱን ሲያነሣ ቆጠራው ወደ ፊት ገፍቶ ተሰማ።

«ከአፋፉ ጀልባው ይታያል፣ የላይኛው ሰማይም መጥቆሩ ይታያል» አለ አካለ ወልድ። «መሐንዲሱ ጀልባው ላይ ሲወጣ ቁልፉን ተጫንህ። እሷ ስትጮህ ሐምዱ ጋ የደረሰው የአንተ ዝምታ ነው፤ አንተ ትቀርበዋለህና። ጎርፉ ጀልባውን ሲመታ ጣትህን አነሣህ።»

ሣህለ ማርያም የሳጥኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ወንድሜን በቀይ ሽብር ጊዜ ጠቁሞ ያስወሰደው መሐንዲሱ ነው» አለ። «አስከሬኑን እንኳ አልሰጡንም።»

ካድሬው ፊቱን አዞረ።

«ሐምዱስ?» አለ አካለ ወልድ። «የእሱ እናት የማንን አስከሬን ሊጠይቁ ነበር?»

መኪናዋ በር ላይ ቆመች፤ ሣህለ ማርያምን አሳፍራ ሄደች።

ዑሙሰልማ የልጃቸውን እጅ ራሳቸው ፈቱ። ባንቺዓለም ከገደሉ ጫፍ ስትመለስ ሐምዱ የቆሰለ እጁን እያሻሸ ጠበቃት።

«ጠርተሽኝ ነበር ማለት ነው» አለ።

«ጠርቼህ ነበር» አለች በጎረነነ ድምፅዋ።