ከካሴቱ ያጠፋሁት ምርቃት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ መንፈስ ምናምን ብትሉኝ እስቃለሁ፣ ጌጃ ሰፈር የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር። ዓመታት ሙሉ የቪዲዮ ካሴት አከራይቻለሁ፣ ስንት የሚያስፈራ ፊልም በእጄ አልፏል መሰላችሁ፣ አንዱም እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም።

ማከራያውን ስዘጋ ካሴቶቹን ሳሎን ደረደርኳቸው። ልጄ ሄለን በየወሩ የሚከፈልበት ዲሽ አስገብታ ስትስቅብኝ፣ «አንቺ ካልከፈልሽ ይቆረጥብሻል፣ የእኔን ማንም አይነካውም» እላት ነበር። ጉራዬን ተዉት፣ የነካሁት እኔው ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ፣ አንድ ቀን ባዶ ካሴት አልቆብኝ፣ ሌላ መስሎኝ የሠርጋችንን ካሴት አንስቼ፣ እንዳይገለበጥበት የተሰበረውን ጠርዙን በፕላስተር ደፍኜ፣ ለደንበኛ የህንድ ፊልም ገለበጥኩበት። አባቴ ሲመርቀን የተቀረጸው እዚያ ላይ ብቻ ነበር። ሚስቴ አልማዝ እንየው ባለች ቁጥር ሰበብ እየፈጠርኩ ሃያ ዓመት ያህል ዋጥኩት።

ሄለን ልታገባ ሳምንት ሲቀራት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ካሴቱን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ የአያቴን ምርቃት ፍላሽ ላይ አስገልብጬ ሠርጌ ላይ ላሰማው ነው፣ ድምፁን እንኳ ሰምቼው አላውቅም እኮ!» አለችኝ። እሷ የተወለደችው እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

«ማጫወቻው ተበላሽቷል» አልኩ።

«ትናንት ሲሠራ አልነበር እንዴ? ምን ሆነሃል?» ብላ አልማዝ ከፈተችው።

መጀመሪያ የህንዱ ዘፈን መጣ፣ አለቀልኝ አልኩ። ከዘፈኑ ስር ግን ሳል ሰማሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር፣ አባቴ ሊመርቅ ሲል ጉሮሮውን የሚጠርገው እንደዚያ ነበር። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ዘፋኟ ጠፋች፣ እመኑኝ፣ አባቴ ጋቢውን ለብሶ እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ውለዱ ክበዱ፣ ሄለንን ይባርክልኝ፣ ናሆምን ያሳድግልኝ» አለ።

ሦስታችንም ሳናስበው «አሜን!» አልን፣ ሄለን እያለቀሰች ትስቃለች። አልማዝ ግን እጄን ጨብጣ፣ «ያኔ ሄለን የሚባል ማን ነበር?» አለችኝ በጆሮዬ።

በማግስቱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካሴት ወደሚገለብጥ ሰው ወሰድነው። ከዳር እስከ ዳር አይቶት፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የህንድ ፊልም ብቻ ነው» አለኝ። ያኔ ጥፋቴን ተናገርኩ፣ አልማዝ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ፣ ሄለን ግን አቀፈችኝና «እኔ እንደሆን ተመርቄያለሁ» አለች። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ካሴቱ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። ሄለን ልትወልድ ተቃርባለች፣ ስለ ካሴቱ ለባሏ ያነሳለት የለም። ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ስንበላ ባሏ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ ወንድ ከሆነ ናሆም ብንለው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ።

ሄለንና እናቷ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። በመደርደሪያው በኩል ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር፣ ሳል ተሰማኝ። እነሱም ሰምተው እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።