ቀለም የለቀቀው ምንጣፍ

ልብስ ሰፊዋና አናጢው የተዋወቁት በአንድ የተቀደደ ኪስ ምክንያት ነበር። ኪሱ ተሰፍቶ ካበቃ በኋላም አናጢው መመላለሱን አልተወም፤ እርሷም ምክንያቱን አልጠየቀችውም።

እናቱ ግን ልጅቱን አልወደዷትም። «መርፌ መያዝ ሌላ፣ ቤት መያዝ ሌላ» ይሉ ነበር። እርሱ ደግሞ ያለ እናቱ ምርቃት ጎጆ ላለመውጣት ለራሱ ቃል የገባ ሰው ነው። ኋላ እናቲቱ በወጣትነታቸው በእጃቸው የሠሩትን የሱፍ ምንጣፍ ላኩላትና «አጥባ ታቆይልኝ፤ እሑድ መጥቼ አየዋለሁ» አሉ።

ልጅቱ ይበልጥ እንዲጸዳ ብላ በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው። ቀዩ ቀለም ለቀቀና በአንድ ጎኑ ያለውን ነጭ ሐረግ ሁሉ አቀላው። ደጋግማ ብታለቀልቀውም አልመለስ አለ።

እሑድ አናጢው ቀድሞ ሲደርስ ምንጣፉ በግቢው ገመድ ላይ ተሰቅሏል፤ እርሷም ከሥሩ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት እላታለሁ» አለ።

«ተው፣ እንዳትል።»

«ምን ታደርገኛለች? ልጇ አይደለሁ።»

እናቲቱ ገቡና ምንጣፉን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ማነው ያጠበው?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

እናቲቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በምን አጠብከው?»

«በቀዝቃዛ ውሃ… ትንሽ በረኪናም ጨመርኩበት።»

«በረኪና ቢነካው ሱፉ ይበላ ነበር። ለመሆኑ አንተ ካልሲህን አጥበህ ታውቃለህ?»

ልጅቱ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል እንባዋ ቀደመ። «በፈላ ውሃ ነው፣ እማማ፤ እኔ ነኝ። እሱ እዚህ አልነበረም።»

አናጢው እናቱን ትቶ የልጅቱን ፊት ያይ ነበር። እናቲቱም ይህን አዩ።

«አንዷ እውነቱን ትናገራለች፤ አንዱ መዋሸት አያውቅበትም» አሉ በመጨረሻ። «ምን ብዬ ነው የምለያያችሁ? ደግሞ እርጥብ ሱፍ በገመድ ይሰቀላል እንዴ? ክብደቱ ጎትቶ ቅርጹን ያሳጣዋል። ነይ፣ ጫፉን ያዢ፣ የኔ ልጅ። አንተ ጣውላ አምጣ፤ በምታውቀው ሥራ አግዘን።»

ምንጣፉን ጥላ ሥር በጣውላ ላይ ዘረጉት። እናቲቱ በጉልበታቸው ተንበርክከው ማዕዘኑን እያቃኑ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«አልጋችሁ በየት በኩል ነው የሚሆነው? የቀላው ጎን ከአልጋው ሥር እንዲገባ ነው።»

ልጅቱ ወደ አናጢው ዞረች። እሱም የተረፈውን ጣውላ እንደታቀፈ፣

«በመስኮቱ በኩል» አለ።