የቀጋው በር

ኦቦ ጎበና ከዝግባ ችግኞቻቸው መሀል፣ ማጅራታቸው በድንጋይ ተመትቶ፣ በግንባራቸው እንደተደፉ ተገኙ።

በዋዜማው ሱሉልታ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ስትናጥ ነበር የዋለችው፤ ወጣቱ ባህር ዛፍ ጥሎ መንገድ ዘግቷል። ፖሊስም ሳይደክም የባለሱቋን የራቢአን ልጅ ኢብሮን አሰረ። «ድንጋይ ይዞ ሲሮጥ አይቼዋለሁ» ብለው የመሰከሩበት የሟቹ ባልንጀራ ኦቦ ዲሪርሳ ናቸው፤ ኢብሮ «አባ» እያለ ጉልበታቸው ላይ ያደገባቸው። ሲመሻሽ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱት ነው። በዚያ ሰሞን የተወሰደ ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

መርማሪዋ ገለቴ መጣች። ወተት ውስጥ የገባችው ዝንብ የትኛዋ እንደሆነች በአሻራዋ ለይታለች የሚባልላት ናት። ግማሹ ውሸት ነው፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ችግኞቹ ዙሪያቸውን በእሾህ ታጥረዋል። በሩ አንድ ትልቅ የቀጋ ቅርንጫፍ ነው፤ ተዘግቷል፤ መጎተቻ ግንዱ ወደ ውጭ ወጥቷል።

«አካም ቡልታን፣ አዴ ጠጅቱ» ብላ የሟቹን ሚስት በኦሮምኛ ሰላም አለች። «ይህን በር ማን ነካው?»

«ማንም። በአጥሩ ላይ አሻግሬ አይቼው ጮህኩ።» ጠጅቱ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ባህር ዛፍ ቢተክል ቤት እንሠራበት ነበር። ዝግባ! ፍየሎቼን አስርቦ ዝግባ!»

ገለቴ አጠገቧ ወደቆሙት ወደ ዲሪርሳ ዞረች። «ኦቦ፣ ችግኝ ምን ይገድለዋል?»

«ፍየል! አንዴ ጫፉን ከቀጠፈችው አለቀ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አጥሩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ኢብሮ በካቴና ነው፣ እናቱ ራቢአም አጠገቡ።

«በሩ ከውጭ ነው የተዘጋው» አለች። «ሙት ወጥቶ አይዘጋም። የሚሸሽ ጎረምሳ ቆሞ እሾህ አይጎትትም። አዴ ጠጅቱ ቢሆኑ ለፍየሎቻቸው በርግደው ይተዉት ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ ዲሪርሳ።

ገለቴ በሩን ሆን ብላ ክፍት ትታዋለች። አንዲት ፍየል ጺሟን እያወዛወዘች ገባችና ወደ አንዱ ዝግባ አመራች።

«ኸረ ፍየሏ!» ዲሪርሳ ዘለው አባረሯት፤ ተከትለዋት ወጡና ቅርንጫፉን ጎትተው ዘጉ። ሁሉም ውስጥ፣ እሳቸው ብቻ ውጭ፣ እጃቸው ግንዱ ላይ።

«ትናንትም እንዲህ ነበር፣ ኦቦ?»

ዲሪርሳ ግንዱን ለቀቁ። «አብረን ነው የተከልናቸው። እሱ ተደብቆ መሬቱን ለቪላ ሠሪ ሰጠ። ነገ ግሬደር ይጠርጋቸዋል አለኝ፤ እየሳቀ!»

«እኔስ አባ? እኔ ምን አደረግኩዎት?» አለ ኢብሮ።

መልስ የሰጠችው ራቢአ ናት፤

«ለችግኙ አጥር ዘጉለት። ልጄን ግን ለጅብ በር ከፈቱበት።»