ከአጫጁ ኋላ

ጎርፉ በቅሎዋን ከነስንቁ ጠራርጎ ሲወስዳት ገመድ ሠሪው ቋጥኝ ላይ ሙጭጭ ብሎ ተረፈ። ውሃው ሲጎድል አብረውት የተረፉትን አማቱን አዝሎ ዋሻ ውስጥ አስገባቸው። የሽማግሌው ቁርጭምጭሚት ተሰብሯል። መንደሩ ከሸንተረሩ ማዶ ነው፤ በባዶ ሆድ ሰው አዝሎ የሚደረስበት አይደለም።

«ውጣና ቃርም» አሉት።

«አባባ፣ በዚህ ምድረ በዳ ምን ማሳ አለና ነው የምቃርመው?»

«ቃርሚያ ማለት ከአጫጅ ኋላ መሄድ ነው። ቃሉም የሚሠራው ከአጨዳ በኋላ ነው። አጫጁ ሳይወጣ የገባ ሌባ ነው፤ ማንም ባላጨደበት የገባ ደግሞ ሞኝ። አጫጁን ፈልግ።»

«ቃል ቢበላ ጠግበን ነበር» እያለ ወጣ።

ሐሩሩ ድንጋዩን ይጠብሳል። አንድ ሥር ማሰና አሸተተ። መርዝ ይሁን ምግብ የሚነግረው የለም፤ ወረወረው።  

ከቀትር በኋላ ዝንጀሮዎች አገኘ። መሬቱን እየማሱ ነጭ ሥር ይግጣሉ። እነሱ የሚበሉት አይገድልም ብሎ ተንደረደረ። ጎፈሬያሙ ወንድ ዝንጀሮ ዘሎ ክንዱን ዘነጠለው። ያን ጊዜ ገባው፤ አጫጁ ገና ከማሳው አልወጣም። ክንዱን አስሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መንጋው ሲነሣ ገብቶ የተረፈውን በነጠላው ቋጠረ።

ከቁጥቋጦው ጦር የያዘ ጉንጨ ጎድጓዳ ሰው ወጣ።

«አስቀምጠው። ይህን መንጋ ስከተል የከረምኩት እኔ ነኝ።»

«አማቴ ዋሻ ውስጥ ይጠብቁኛል» አለ ገመድ ሠሪው ቢላዋውን መዝዞ።

«ታድለህ፣ የሚጠብቅህ አለ።» ጦሩ አልወረደም፤ ዓይኑ ግን ከቋጠሮው አልተነሣም።

ገመድ ሠሪው ቢላዋውን ወደ አፎቱ መልሶ ቋጠሮውን ፈታ። «እኛ ሁለት ነን። ሁለት እጅ ለኛ፣ አንድ እጅ ላንተ።»

«ብልጥ ነህ» አለ ሰውየው። ፈገግ ሲል ከንፈሩ ደማ።

«ና፣ አብረን እንሻገር።»

«እኔን የሚያስገባ መንደር የለም» ብሎ ድርሻውን አንሥቶ ሄደ።

ሽማግሌው በሉ፤ ነፍስ ዘሩ። በማግስቱ አዝሏቸው ሥሩን በተካፈሉበት ቦታ ሲያልፍ ቆመና ከቀራቸው ላይ ሁለት ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖረ።

«ለማን ነው?» አሉት ከጀርባው።

«ከኋላ ለሚመጣ።»

ሸንተረሩን ሲወጡ የመንደሩ ጭስ ታየ። ገመድ ሠሪው ዞር አለ። ድንጋዩ ባዶ ይሁን አይሁን ከዚያ ርቀት አይለይም።