ሁለቱ ጠረጴዛዎች

ጥር ፲፱፻፺፩ ዓ.ም.፤ በሰሜን ድንበር ጦርነቱ ከተጫረ መንፈቅ አልፎታል። ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ የሚያወጣው መንገድ በወታደር ካሚዮን ተጣቧል፤ ሚኒባሶች ጠርዝ ጠርዙን እየተሹለከለኩ ያልፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ደግሞ የከተማውን ቆሻሻ መጣያ የቆሼን ሽታ ከምዕራብ ተሸክሞ፣ በኮረብታው ጥግ ወዳለው የመኮንኖች ማሠልጠኛ በተሰበሩት መስኮቶች ይገባል።

በዚያ ማሠልጠኛ የመድፍ ስሌት የሚያስተምሩት አቶ ሀብተሥላሴ ይባላሉ። በቀድሞው ሠራዊት ሻለቃ ነበሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ማዕረጋቸውን አጥተው፣ ተሃድሶ ካምፕ ከርመው፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ለሠፈር ልጆች ሒሳብ እያስጠኑ ሲኖሩ ጦርነቱ እንደገና ፈለጋቸው። ተማሪዎቻቸው «መምህር» ይሏቸዋል፤ «ሻለቃ» የሚሏቸው የማዞሪያው የታክሲ ረዳቶች ብቻ ናቸው።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያጸኑት አንድ ሕግ ነበር። የአንድ መድፍ ስሌት በሁለት ሰው፣ ጀርባ ለጀርባ በተደረጉ ሁለት ጠረጴዛዎች ይሠራል፤ ሠሪዎቹ አይነጋገሩም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አያይም። መልሶቹ ከተስማሙ መድፉ ይተኩሳል፤ ከተለያዩ ግን ያዘዘው ማንም ይሁን ማን አይተኮስም።

«ሁለት ሰው ለየብቻው አንድ ዓይነት ስሕተት አይሠራም» ይሉ ነበር።

የመጨረሻው ፈተና የዋለው ካሚዮኖቹ ወደ ግንባር ሊነሡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ከበላይ የተላከ አንድ ኮሎኔል ከክፍሉ ኋላ ተቀምጧል፤ የመምህሩ ፊርማ እንደተገኘ ሠልጣኞቹ ሁሉ ይመረቃሉ፤ ሲነጋ ይጫናሉ። ሌሎቹ ጥንዶች አልፈው፣ የቀሩት ሻለቃ ዱባለና ምክትል መቶ አለቃ ሰብሌ ነበሩ። ዱባለ በልጅነቱ በረሃ ወርዶ፣ መምህሩ ያገለገሉትን ሠራዊት ሲዋጋ ያደገ አዛዥ ነው። ሰብሌ የእሱ መኮንን ናት፤ «መድፍ ለሴት አይሆንም» ሲባል ተሟግቶ እዚህ ያስገባት እሱ ነው።

የግንባሩ ካርታ ለክፍል ስለማይፈቀድ መምህሩ አሮጌ የከተማ ካርታ ግድግዳው ላይ ሰቅለዋል።

«መድፋችሁ እንጦጦ ተዳፋት ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ደቡብ። ዒላማው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በስተምዕራብ ያለው ባዶው የወንዝ ሸለቆ ነው። የነፋሱን ፍጥነት ጽፌላችኋለሁ፤ ከየት እንደሚነፍስ ግን አፍንጫችሁ ይንገራችሁ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ቆሼም ፈታኝ ሆነ!» አለ ዱባለ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ሥራው ተጀመረ። መምህሩ በሁለቱ መካከል ቆመው ወረቀቱን ሳይሆን እጆቻቸውን ይመለከቱ ነበር። ሰብሌ ቀድማ ጨርሳ እርሳሷን አስቀመጠች። ዱባለ ሲያሰላ ለራሱ የማጉተምተም ልማድ ነበረው፤ «ነፋስ... ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ሲል ድምፁ ከፍ አለ። ሰብሌ ላጲሷን አነሣች። የጻፈችውን አጥፍታ እንደገና ጻፈች።

መልሶቹ ጮክ ተብለው ተነበቡ፤ አንድ ነበሩ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ኮሎኔሉም ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ለመምህሩ ዘረጋ።

«ይፈርሙና እንሂድ።»

አቶ ሀብተሥላሴ ብዕሩን ተቀበሉ፤ ግን አልፈረሙም። ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከመድፉ ቀኝ፣ እየመጣ ጥይቱን ወደ ግራ ይገፋዋል፤ ስለዚህ እርማቱ ወደ ቀኝ መሆን ነበረበት። ይህን ያውቃሉ። ባይፈርሙ ምን እንደሚባሉም ያውቃሉ፤ የድሮው መኮንን ዘማቹን አሰናከለ ይባላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸው ካምፕ የመጀመሪያውን ያስመሰግን ይሆናል። ቢፈርሙ ደግሞ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ግንባር ላይ እንዲሁ በስሕተት ይስማማሉ፤ በዚያ ከመድፉ ፊት ያለው እግረኛ የራስ ወገን ነው።

«መልሶቹ ተስማምተዋል፤ ጥይቱ ግን ዒላማው ላይ አልወደቀም» አሉና ማስመሪያቸውን በካርታው ላይ አሳርፈው ነጥብ አደረጉ። ነጥቡ ያረፈው አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚኒባሶች ከሚዞሩበት አደባባይ ላይ ነበር።

ኮሎኔሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስሕተት አይሠራም ያሉት እርስዎ ነዎት። ታዲያ የተሳሳቱት እርስዎ ቢሆኑስ? ነገ ካሚዮኖቹ እንዳይነቃነቁ የሚፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም፤ አቶ ሀብተሥላሴ።»

«በረሃ ላይ ሊመቱኝ ያልቻሉት ሰውዬ እዚህ መቱኝ ማለት ነው!» አለ ዱባለ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

መምህሩ ወደ ሰብሌ ዞሩ። «መቶ አለቃ ሰብሌ፤ ላጲስሽን ከማንሣትሽ በፊት እርማትሽ ወዴት ነበር?»

ሰብሌ ተነሣች። ብትክድ መምህሩ ያን ቀን ቤታቸው እንደማይገቡ ክፍሉ ሁሉ ገብቶታል፤ ብትናገር ደግሞ ለዚህ ላበቃት አዛዥ በሰው ፊት «ተሳስተሃል» ማለቷ ነው። ኮሎኔሉን አየች፤ ዱባለን ለማየት ግን አንገቷ እንቢ አላት።

«ወደ ቀኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሽታው በቀኝ ነው የሚመጣው።»

«ለምን ቀየርሽው?»

«ሻለቃ ‹ወደ ግራ› ሲሉ ሰማሁ። እሳቸው ከሚሳሳቱ እኔ ብሳሳት ይቀላል አልኩ።»

አንድ ሰው ሳቅ ጀምሮ ዋጠው። ዱባለ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ አየሩን ሳበ፤ ከዚያም ወደ ካርታው ሄዶ ጣቱን ነጥቡ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ፌርማታው ነው። ከፌርማታው ጀርባ የተከራየሁት ቤት ነው፤ ባለቤቴ ቤተልሄም ይሄኔ ልብስ እያሰጣች ነው።» ወደ ሰብሌ ዞረ። «መልስሽን ሳትነኪ ቁጭ ብትዪ መድፉ አይተኮስም ነበር፤ አይደል?»

«አዎ፣ ሻለቃ።»

«እኔን አከበርሽና ቤቴን መታሽው።»

ዱባለ ለኮሎኔሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እኔና እሷ አላለፍንም። ስንችለው እንዘምታለን።»

ኮሎኔሉ ካርታውን አየ። «ሌሎቹ ይሄዳሉ፤ እናንተ ለሚቀጥለው ዙር ትቆያላችሁ» አለ። ቀጥሎም መምህሩን ሳይመለከት፣ «እርስዎ እነዚህን ሁለቱን ጨርሰው ይሰናበቱ፤ ከዚያ በኋላ አያስፈልጉንም» አለ።

አቶ ሀብተሥላሴ የሁለቱን ስም ሰርዘው፣ ለቀሩት ፈረሙና ብዕሩን መለሱ።

አመሻሹ ላይ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሲወርዱ እግራቸው ወደ ቤታቸው አልወሰዳቸውም፤ ነጥቡን ካደረጉበት ስፍራ ሄደው ቆሙ። ኪዮስኮቹ መብራት አብርተዋል፤ ከአንዱ ቡና ቤት ሙዚቃ ይሰማል።

«ኧረ ሻለቃ! መሀል መንገድ ላይ ምን ይሠራሉ? ታክሲ ይበላዎታል!» አለ አንዱ ረዳት ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ።

«የሚወድቅ ነገር ካለ ብዬ ነው» አሉና ወደ ዳር ወጡ።

ዱባለና ሰብሌ ትምህርታቸውን ጨርሰው ዘመቱ፤ መምህሩም ወደ ሠፈር ልጆቻቸው ተመለሱ። ስለዚያ ጦርነት የተጻፉ መጻሕፍት የየካቲቱን ውጊያ፣ የተያዘውን ምሽግና የአዛዦቹን ስም ይዘዋል። ሁለቱ ጠረጴዛዎች በግንባር መልሳቸው ተለያይቶ ስንቱን መድፍ ዝም እንዳሰኙ ግን የጻፈ የለም፤ ያልተተኮሰ መድፍ ለጸሐፊ የሚሰጠው ወሬ የለውምና። ከመጻሕፍቱ በአንዱም አሥራ ስምንት ማዞሪያ አልተጠቀሰም። ሊጠቀስም አይገባም፤ ያን ቀን እዚያ የሆነ ነገር የለም፤ ቤተልሄምም ልብሷ ሲደርቅ ሰብስባ ገብታለች።